የሪሞት አውሮፕላን በክለብ ሜዳ ላይ ማብረር፦ ማንም ሰው ሳይጎዳ ከቤት ወጥቶ ቤት እስከመግባት

ይሄን የምፅፈው በተለይ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ሆናችሁ ለራሳችሁ ወይ ለልጃችሁ የሪሞት አውሮፕላን ገዝታችሁ ቀጥሎ ምን እንደምታደርጉ ግራ ለገባችሁ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁም ከቦታው ጉዳይ በስተቀር ሌላው ይሰራላችኋል። አደጋ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው አውሮፕላኑ ከሰማይ ሰው ላይ ሲወድቅ ነው፣ እሱም አለ፣ ግን ሜዳ ላይ ጣት የሚቆረጠው አውሮፕላኑ ገና መሬት ላይ ሳለ ነው፣ ሰማይ ላይ የሚመጣው ችግርም ቢሆን አብዛኛው መሬት ላይ እያለ ታይቶ መስተካከል የሚችል ነበር። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ትልቁ ክፍል ከመነሳቱ በፊት ስላለው ነው፣ እሱን ዘላችሁ ወደ ማብረሩ እንዳትሄዱ አደራ።

የት ነው ማብረር የሚቻለው

ዲሲ አካባቢ ያለው ህግ ከሌላው አሜሪካ በጣም የጠበቀ ነው። ሬገን ኤርፖርትን መሃል አድርጋችሁ 15 ማይል ያህል ዙሪያውን ብታከቡት፣ እዛ ክብ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮንም ሆነ ሞዴል አውሮፕላን ውጭ ማብረር ክልክል ነው። ትንሽ ነው፣ መጫወቻ ነው፣ ከጓሮዬ አይወጣም ማለት አይሰራም። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታኮማ ፓርክ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን በሙሉ ውስጡ ናቸው፣ እንግዲህ ሀበሻ በብዛት የሚኖርበት ሰፈር ሁሉ ገባ ማለት ነው። ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ቀለበት ውስጥ ግን አየሩ ጥሩ ከሆነ፣ ከ400 ጫማ በላይ ካልወጣችሁና አውሮፕላኑን በአይናችሁ እያያችሁ ካበረራችሁ ይቻላል። ስለዚህ ሜዳ ስትፈልጉ ከከተማው ወጣ ማለት ግድ ነው። የትም ብትሄዱ ቢፎር ዩ ፍላይ የሚባለውን፣ ማብረር የሚፈቀድበትን ቦታ የሚያሳይ አገልግሎት፣ ኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን መስሪያ ቤት) ካፀደቃቸው አፖች በአንዱ ከፍታችሁ ቦታውን አስቀድማችሁ እዩት።

ወረቀቱን ቶሎ ልጨርሰው። አንደኛ ትረስት የሚባል የኤፍኤኤ ፈተና አለ፣ ኦንላይን ነው፣ ነፃ ነው፣ ወድቆ መቅረት የለም፣ ሰርተፊኬቱን ግን ሴቭ አድርጉት ምክንያቱም ከጠፋ እንደገና መፈተን ነው። ሁለተኛ አውሮፕላናችሁ ከ250 ግራም በላይ ከሆነ ትመዘገባላችሁ፣ 5 ዶላር ነው፣ ለ3 ዓመት ይሰራል፣ ለመዝናኛ ከሆነ አንዱ ቁጥር ላሏችሁ አውሮፕላኖች ሁሉ ይበቃል፣ ቁጥሩ ግን ባትሪ ክዳን ስር ሳይሆን ከውጭ በሚታይ ቦታ መፃፍ አለበት። ሶስተኛ ሪሞት አይዲ ነው፣ የተመዘገበ አውሮፕላን በሚበርበት ሰዓት ማንነቱንና ያለበትን ቦታ በሬዲዮ የሚያሰራጭ መሳሪያ መያዝ አለበት፣ ኤፍኤኤ ፍሪያ ብሎ ያፀደቃቸው ሜዳዎች ላይ ብቻ ነው ያለሱ ማብረር የሚቻለው። ብዙ የክለብ ሜዳዎች ፍሪያ ናቸው፣ ያም ቢሆን የናንተ ክለብ መሆኑን ጠይቁ እንጂ በግምት አትሂዱ። አራተኛ ኤኤምኤ፣ ማለትም አካዳሚ ኦፍ ሞዴል ኤሮኖቲክስ፣ ከ1936 ጀምሮ ያለ የሞዴል አብራሪዎች ማህበር ነው፣ አብዛኛው ክለብ የሱ አባል ካልሆናችሁ አያስገባችሁም። አባልነቱ ሰው ወይ ንብረት ብትጎዱ የሚሸፍን እስከ 2.5 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ኢንሹራንስ አለው፣ ኢንሹራንሱ ግን የደህንነት ደንቡን ጠብቃችሁ ስታበሩ ነው የሚሰራው።

ክረምት ላይ ሀገር ቤት ይዤው ልሂድ የምትሉ ካላችሁ ደግሞ፣ ድሮንና መሰል ነገር ያለቅድሚያ ፈቃድ ይዛችሁ ቦሌ ከደረሳችሁ ጉምሩክ ላይ ሊያዝባችሁ ይችላል፣ ፈቃዱን ሳትጨርሱ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት።

መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን ሂዱ

የመጀመሪያ ቀን አውሮፕላኑን ቤት ትታችሁ ሜዳውን ብቻ እዩ። የክለብ ሜዳ አቀማመጡ ቀላል ነው፣ ሳሩ የታጨደ ራንዌይ አለ፣ ከሱ ወዲህ ፓይለቶቹ የሚቆሙበት መስመር አለ፣ ከመስመሩ ኋላ አውሮፕላን የሚዘጋጅበት ጠረጴዛዎች ያሉበት ፒት የሚሉት ቦታ አለ፣ ከሱ ኋላ ተመልካችና መኪና ነው። ዋናው ህግ አንድ ነው፣ አውሮፕላን ከፓይለቶቹ መስመር ወዲህ፣ ወደ ሰው በኩል፣ በፍፁም አይበርም። ዞሬ ልምጣ፣ ትንሽ ነው ያለፍኩት፣ ማንም የለም የሚባል ነገር የለም። ቦርዱ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ፣ ጎረቤት ቤት ወይ ፈረስ ያለበት እርሻ ካለ የማይበረርበት አቅጣጫ ይኖራል፣ ሞተር የማይነሳበት ሰዓትም ሊኖር ይችላል።

ከዛ ኢንስትራክተር ጠይቁ። አብዛኛው ክለብ አለው፣ ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ ደግ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ገንዘብም አይጠይቁም። ባዲ ቦክስ በሚሉት ነው የሚያስተምሩት፣ ሁለት ሪሞት ይገናኛል፣ እናንተ ታበራላችሁ፣ አውሮፕላኑ ሲያመልጣችሁ እሱ አንድ ማብሪያ ለቀቅ አድርጎ ይረከባችኋል። ዩቱብ አይቼ እችለዋለሁ ብሎ ብቻውን የሚጀምር ሰው አውሮፕላኑን በመጀመሪያው ደቂቃ ነው የሚያጣው፣ አውሮፕላኑ ይተካል፣ የሚያስፈራው በዛ ደቂቃ ውስጥ የት እንደሚሄድ ማንም የማያውቅ መሆኑ ነው።

ተመልካች ይዛችሁ ስትመጡ ደግሞ ይሄን አስቡ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተሰብ ይዞ ሜዳ መሄድ ደስ የሚል ነገር ነው፣ ነገር ግን ነጠላ፣ ረጅም ሻሽ፣ የተንጠለጠለ የአንገት ሀብልና የልብስ ገመድ የሚሽከረከር ፕሮፔለር አጠገብ መድረስ የለበትም፣ ጫፉን ከያዘው ሰውየውን ጭምር ነው የሚስበው። ነጠላ የለበሰ ሰው ከተመልካች ቦታ አይለፍ፣ ፒት የሚገባው ልጅ ደግሞ እጁ በትልቅ ሰው የተያዘ ብቻ ይሁን። የምታበሩት እናንተ ከሆናችሁ ልጁን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ይዛችሁ ኑ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ አይቻልም።

ቤት ውስጥ የሚሰራው

ባትሪው ነው ቀዳሚው። ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ብዙ ጉልበት በትንሽ ቦታ የያዘ ነገር ነው፣ ከተበላሸ የሚነደው ነበልባል እየተፋ ነው፣ እሱን ደግሞ በቀላሉ አታጠፉትም። ቻርጅ ስታደርጉ እዛው ሁኑ፣ ተኝታችሁ ወይ ሱቅ ሄዳችሁ አይሆንም። ምንጣፍ ወይ አልጋ ላይ ሳይሆን ሴራሚክ ወይ ሲሚንቶ ላይ አድርጉት፣ የሊፖ ከረጢት ውስጥ ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው፣ አሸዋ የሞላ ባልዲ አጠገባችሁ ይኑር። ቻርጀሩ ላይ የሴሎቹን ብዛት፣ ማለትም ባትሪው ውስጥ ያሉትን ክፍሎች ቁጥር፣ ሁሌም አይታችሁ ነው መጀመር ያለባችሁ፣ 3 ሴል ያለውን ባትሪ 4 ነው ብላችሁ ከሞላችሁት እሳት መለኮስ ማለት ነው። የሚሞላበት ፍጥነት፣ ባትሪው 2200 ሚሊአምፕ አወር (mAh) ከሆነ 2.2 አምፒር ላይ አድርጉት፣ በዚህ ስሌት ሄዳችሁ አትሳሳቱም። አንድ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ ከ3 በታች መውረድ የለበትም፣ ሳይበር ለሳምንታት የሚቀመጥ ከሆነ 3.8 አካባቢ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ያበጠ ባትሪ ካያችሁ አለቀለት፣ አንድ ዙር ብቻ ልብረርበት አይባልም። በሐምሌ ሙቀት መኪና ውስጥ ትታችሁት አትግቡ።

አውሮፕላኑ ላይ ደግሞ ፕሮፔለሩን ጣታችሁን ዳርና ዳሩ ላይ እያስኬዳችሁ ፈትሹት፣ ትንሽ ስንጥቅ ወይ የተፈለጠ ነገር ካለ አውጥታችሁ ጣሉት፣ በሱፐርግሉ አይጠገንም። በደቂቃ 8 ሺ 10 ሺ ጊዜ የሚዞር ነገር ነው፣ ቁራጭ ቢለቅ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ሰርቮዎቹ (ክንፉና ጭራው ላይ ያሉትን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ሞተሮች) ላይ ያሉትን ዘንጎችና ማጠፊያዎቹን እየሳባችሁ እዩ፣ ክንፉን የያዘው ብሎን ወይ ላስቲክ ጠብቆ ይሁን። የክብደቱ ሚዛን አምራቹ ባለው ቦታ ላይ መሆኑን ክንፉ ስር በሁለት ጣት ደግፋችሁ እዩት፣ ወደ አፍንጫው ትንሽ ቢከብድ ሰነፍ ነው የሚሆነው እንጂ ይታዘዛል፣ ወደ ጭራው ከከበደ ግን ከተነሳ በኋላ የምትይዙበት ነገር የላችሁም።

የድሮ ሪሞት ከማርኬትፕሌስ ወይ ከያርድ ሴል ለገዛችሁ ሰዎች አንድ ማሳሰቢያ፣ የሚመዘዝ ረጅም የብረት አንቴና ካለው 72 ሜጋኸርዝ የሚሰራ ሊሆን ይችላል። የዛሬዎቹ 2.4 ጊጋኸርዝ ናቸው፣ እርስ በርስ አይጋጩም፣ 72 ላይ ግን ሁለት ሰው በአንድ ቻናል ሪሞት ከከፈተ ሰማይ ላይ ያለው ይወድቃል። ክለቡ ቦርድ ላይ የቻናል ፒን ካለው ፒኑን ሳትይዙ ሪሞቱን እንዳትከፍቱት።

ፒት ላይ፦ እዚህ ጋ ረጋ በሉ

እዚህ ጋ ነው ትዕግስት የሚያስፈልገው። የኤሌክትሪክ ሞተር ያለው አውሮፕላን ዝም ያለ ስለሚመስል ሰው ይዘናጋል፣ የነዳጁ ሞተር እኮ ቢያንስ ይጮሃል። ባትሪው ከተሰካበት ሰከንድ ጀምሮ ፕሮፔለሩ እየዞረ እንደሆነ ቁጠሩት። ክርናችሁ የስሮትሉን (የሞተሩን ጉልበት መቆጣጠሪያ) ዱላ ቢገፋው፣ ሪሞቱ ተገልብጦ ቢወድቅ፣ ልጅ መጥቶ ቢነካው በሙሉ ጉልበት ይነሳል፣ እጃችሁ አጠገቡ ካለ ደግሞ አይቆምም፣ ኤሌክትሪክ ሞተር የሚያግደው ነገር ሲያገኝ የበለጠ ነው የሚታገለው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። አውሮፕላኑን አፍንጫው ወደ ራንዌዩ፣ ሰው ወደሌለበት ዞሮ አስቀምጡት፣ ጭራው ወይ ክንፉ በማሰሪያ ወይ በሰው ይያዝ። መጀመሪያ ሪሞቱን ትከፍታላችሁ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው የአውሮፕላን ስም የዚህኛው አውሮፕላን መሆኑን ታያላችሁ፣ ስሮትሉ ዜሮ ላይ መሆኑን ታያላችሁ፣ ስሮትል ከት የሚባለውን መቆለፊያ ታበራላችሁ፣ ከዛ በኋላ ብቻ ከፕሮፔለሩ ኋላ ሆናችሁ ባትሪውን ትሰካላችሁ። እጃችሁ በፕሮፔለሩ ፊት ወይ ጎን አልፎ አይሄድም። ስትጨርሱ ተቃራኒው ነው፣ መጀመሪያ ባትሪው ይነቀላል፣ ሪሞቱ መጨረሻ ላይ ይጠፋል። የአውሮፕላኑን ስም ማየት ያልኩትን ቀላል እንዳታደርጉት፣ ሪሞቱ የሌላ አውሮፕላን ሴቲንግ ላይ ከሆነ ክንፉ በተቃራኒ ሊሰራ ይችላል፣ እሱን ደግሞ የምታውቁት ከተነሳ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ከአውሮፕላኑ ኋላ ቁሙና ዱላውን ወደ ቀኝ ግፉ። የቀኙ ኤለሮን (ክንፉ ጫፍ አካባቢ ከኋላ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ላይ፣ የግራው ወደ ታች መሄድ አለበት። ዱላውን ወደ ራሳችሁ ስትስቡ ኤሌቬተሩ፣ ማለትም የጭራው አግድም ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ ወደ ላይ ይነሳል፣ ረደሩን፣ ማለትም የቆመውን የጭራ ክፍል፣ ቀኝ ስትሉ ወደ ቀኝ ይዞራል። ይንቀሳቀሳል ብሎ ማለፍ ሳይሆን ወዴት እንደሚንቀሳቀስ ነው የሚታየው፣ ጮክ ብላችሁ "ቀኝ፣ የቀኙ ላይ" እያላችሁ ብታደርጉት አይናችሁ አያታልላችሁም። ይሄን በየቀኑ የመጀመሪያ በረራ ላይ ብቻ ሳይሆን ባትሪ በቀየራችሁ ቁጥር አድርጉት፣ 10 ሰከንድ አይፈጅም።

ሬንጅ ቼክ ደግሞ አለ። ሪሞታችሁ ጉልበቱን ቀንሶ የሚሰራበት የሬንጅ ቼክ ሞድ አለው፣ እሱን ከፍታችሁ ማንዋሉ ያለውን ያህል፣ ብዙ ጊዜ 30 እርምጃ ያህል ነው፣ ራቁና ሌላ ሰው አውሮፕላኑን ይዞ ሁሉም ክፍል ሳይንቀጠቀጥ መታዘዙን ያሳያችሁ። ከዛ ፌልሴፉን ፈትሹ፣ ሲግናል ሲጠፋ አውሮፕላኑ ምን እንደሚያደርግ ማለት ነው። ፕሮፔለሩን ፈታችሁ ሞተሩን ትንሽ አስነሱት፣ ከዛ ሪሞቱን አጥፉት፣ ሞተሩ ወዲያው መቆም አለበት። ካልቆመ ሴቲንጉ ሳይስተካከል ያ አውሮፕላን አይነሳም፣ ምክንያቱም ሲግናል የጠፋበትና ሞተሩ የሚሰራ አውሮፕላን ወደ መኪና መንገድ ሊሄድ ይችላል።

በነዳጅ የሚሰራ ካላችሁ፣ ስታስነሱት ረዳት ይያዝላችሁ፣ ከተነሳ በኋላ ካርቡሬተሩን የምታስተካክሉት ከኋላ ሆናችሁ ነው፣ ከፕሮፔለሩ ጎን በኩል ማንም አይቁም። የግሎው ሞተር ነዳጅ ሜታኖል ስለሆነ ነበልባሉ ቀን ላይ አይታይም፣ አልነደደም ብላችሁ እጃችሁን እንዳትሰዱ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይሁን።

መስመሩ ላይ፦ ድምፃችሁን አውጡ

ሀበሻ ሲባል ጮክ ብሎ መናገር ነውር ይመስለናል፣ በተለይ ፈረንጅ መሃል። እዚህ ግን ዝም ማለት ነው ነውሩ። ስትነሱ "ቴኪንግ ኦፍ"፣ ልታርፉ ስትሉ "ላንዲንግ"፣ ከየት በኩል እንደሆነም ጨምሩ፣ አውሮፕላን ለማንሳት ራንዌዩ ላይ ስትገቡ "ኦን ዘ ፊልድ"፣ ወጥታችሁ ስትጨርሱ "ክሊር"፣ ሞተር አየር ላይ ከጠፋባችሁ "ዴድ ስቲክ"። ሌሎቹ አይናቸው የራሳቸው አውሮፕላን ላይ ስለሆነ እናንተን አያዩዋችሁም፣ ይሰሟችኋል እንጂ። እናንተም መልሳቸውን ስሙ፣ አንዱ "ኦን ዘ ፊልድ" ካለ እሱ እስኪወጣ ድረስ ማንም አያርፍም አይነሳም። ዴድ ስቲክ ያለ ሰው ቅድሚያው የሱ ነው፣ ሁሉም መንገድ ይለቅለታል።

አጠገባችሁ አንድ ሰው ይቁም፣ ስፖተር ነው የሚሉት። የሱ ስራ ሰማዩን ማየት ነው፣ እናንተ ከአውሮፕላናችሁ ላይ አይናችሁን ማንሳት አትችሉም። ትልቅ አውሮፕላን ወይ የአምቡላንስ ሄሊኮፕተር ከመጣ ሰው የያዘው ቅድሚያ አለው፣ አውሮፕላናችሁን ወዲያው ዝቅ አድርጉት፣ ከመንገዱ አውጡት፣ ካስፈለገ አሳርፉት። በጣም ሩቅ ነው፣ አይደርስብኝም ብሎ መገመት አይቻልም፣ የሰማይ ርቀት አይን ያሳስታል።

የምትነሱትም የምታርፉትም ንፋሱን ፊት ለፊት ይዛችሁ ነው። ከመሬት ሲለቅ ቶሎ ወደ ላይ አትጎትቱት፣ ፍጥነት ይያዝና ቀስ ብሎ ይውጣ፣ የመጀመሪያው ዙር ሁልጊዜ ከሰው በተቃራኒ በኩል ነው። ሌላው ወደሚዞርበት አቅጣጫ ዙሩ። ፀሀይዋን አቋርጣችሁ እንዳታበሩት፣ አንድ ሰከንድ ብርሃኑ ውስጥ ከገባ የቱ ጋ እንደነበር ይጠፋባችኋል፣ መነፅር አድርጉ።

ጀማሪን የሚያስቸግረው አንድ ነገር አውሮፕላኑ ወደ እናንተ ሲመጣ ቀኝና ግራው መገልበጡ ነው። ዘዴው ይሄ ነው፣ ዝቅ ያለውን ክንፍ እዩና ዱላውን ወደ እሱ በኩል ግፉት። በግራችሁ ያለው ክንፍ ዝቅ ካለ ዱላው ወደ ግራ፣ በቃ ክንፉ ይነሳል። ዱላው ዝቅ ያለውን ክንፍ ከስር እንደ ድጋፍ ይደግፈዋል እያላችሁ አስቡት፣ ሳታሰላስሉት እጃችሁ እስኪለምድ ድረስ ሲሙሌተር (ኮምፒውተር ላይ ያለ የማብረር መለማመጃ) ላይ ተለማመዱት።

ነገር ሲበላሽ

ሞተር ከጠፋ አፍንጫውን ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ፍጥነቱን ጠብቁ፣ አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ከሆነ ወደ ራንዌዩ ልመልሰው ብላችሁ አትዙሩ፣ ፊት ለፊት ያለው ሳር ላይ ይረፍ። የት እንዳለ ካጣችሁት ወይ ካልታዘዘላችሁ ስሮትሉን ዜሮ አድርጉ። ወደ ሰው እየሄደ ከሆነ ጮክ ብላችሁ "ሄድስ አፕ" በሉና ባዶ ቦታ ላይ ጣሉት።

ይሄን የመጨረሻውን ደግሜ ልበለው ምክንያቱም በጣም ከባዱ እሱ ነው። 300 ዶላር የወጣበት፣ ክረምቱን ሙሉ ቁጭ ብለው የሰሩት አውሮፕላን ሲሆን እጅ አይታዘዝም፣ ላድነው፣ አንድ ዙር ላዙረው ያሰኛል፣ ሰው ላይ የሚደርሰው በዛች አንድ ዙር ነው። ውሳኔውን ከመነሳታችሁ በፊት መሬት ላይ ጨርሱት፣ የቱ ጋ ነው የምጥለው ብላችሁ ቦታውን በአይናችሁ ምረጡ። ከዛ በኋላ አየር ላይ የምታስቡት ነገር የለም።

ከወደቀ በኋላ ሮጣችሁ አትሂዱ። መጀመሪያ ስሮትል ከቱን አብሩ፣ ሌሎቹ መብረር አቁመው እሺ ሲሏችሁ ነው ሜዳውን የምታቋርጡት፣ የወደቀበትን አቅጣጫ ከሩቅ ካለ አንድ ዛፍ ጋር አያይዛችሁ ያዙት፣ ካልሆነ በቆሎ ውስጥ ስትዞሩ ትውላላችሁ። ስትደርሱ ቅድሚያ ባትሪውን ንቀሉ። የተጨመቀ ወይ የተበሳ ሊፖ ወዲያው ላይነድ ይችላል፣ ከብዙ ደቂቃ በኋላ ነው የሚነሳው፣ ስለዚህ መኪና ውስጥ አታስገቡት፣ ደረቅ ሳር ላይም አትተዉት፣ ጠጠር ወይ አሸዋ ላይ አድርጋችሁ ከሩቅ እያያችሁ ቆዩ። ሰው ከተጎዳ ወይ የሰው መኪና ከተመታ ቦታው ላይ ለክለቡ ሀላፊ ንገሩ፣ ፎቶ አንሱ፣ ተደባብሶ ይለፍ አትበሉ፣ ኢንሹራንሱም ያለዛ አይሰራላችሁም። ከወደቀው አውሮፕላን ያወጣችሁትን ሪሲቨር (የሪሞቱን ሲግናል የሚቀበለው ክፍል)ና ሰርቮ ደግሞ ደህና ይመስላል ብላችሁ ሌላ አውሮፕላን ላይ እንዳታስገቡ፣ መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ አስሩትና ለረጅም ጊዜ እያንቀሳቀሳችሁ እዩት፣ ከዛ ሬንጅ ቼኩን ከነፌልሴፉ እንደ አዲስ ስሩት።